አሜሪካ ውስጥ አንዲት ኳስ ላልወረወረ ሰው 325 ሚሊዮን ዶላር?

በዲሴምበር 2023 የሎስ አንጀለሱ የቤዝቦል ክለብ ዶጀርስ ጃፓናዊውን ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረውን ሰው) ዮሺኖቡ ያማሞቶን በ325 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። ለ12 ዓመት። ልጁ ያኔ 25 ዓመቱ ነው። ጃፓን ውስጥ ያልወሰደው ሽልማት የለም፤ በአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ በሜጀር ሊግ ግን አንዲት ኳስ እንኳ ወርውሮ አያውቅም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚያ በፊት ለኳስ ወርዋሪ ከተፈረሙት ውሎች ትልቁ የኒውዮርኩ ያንኪስ ለጌሪት ኮል የሰጠው 324 ሚሊዮን ነበር። ኮል ሜጀር ሊግ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ሁሉም የሚያውቀው ሰው ነው። አዲሱ ልጅ በአንድ ሚሊዮን በለጠው።

ያኔ "ላም አለኝ በሰማይ ነው" ያለው ሰው ብዛቱ! ሦስት ወር ቆይቶ ደግሞ ያማሞቶ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሴኡል ላይ ከሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ጋር አደረገ። አምስት ነጥብ ገባበትና ከአንድ ኢኒንግ በኋላ ተቀየረ። ከጨዋታው ዘጠኝ ዙር (ኢኒንግ) አንዱን ብቻ! "አላልናችሁም?" ለማለት ሲጠብቁ ለነበሩት ሰርግና ምላሽ ሆነላቸው።

የእኔ አቋም ያኔም አሁንም አንድ ነው። ከባህር ማዶ ለሚመጣ ጥሩ ወርዋሪ ብዙ ገንዘብ ማውጣት እብደት አይደለም። እብደቱ ሌላ ቦታ ነው። ተፎካካሪህ አንደኛውን ወሰደብኝ ብለህ በንዴት ተነስተህ ሁለተኛውን በአንደኛው ዋጋ ስትገዛ፣ ወይም ደግሞ ሰውዬው ስንት ጨዋታ እንዳሸነፈ ብቻ አይተህ ኳሱ ምን እንደሚሠራ ሳታይ ስትፈርም ነው። ሁለቱም በደንብ ተሞክረዋል። ሁለቱንም እንያቸው።

መጀመሪያ ግን ገበያው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ካለዚያ ቁጥሮቹ ግራ ያጋባሉ። የጃፓን ተጫዋች እንደፈለገ ተነስቶ ወደ አሜሪካ መሄድ አይችልም። በነፃነት ለመውጣት በአገሩ ሊግ ዘጠኝ ዓመት ማገልገል አለበት። ከዚያ በፊት መሄድ ከፈለገ ክለቡ መፍቀድ አለበት፤ ክለቡም በነፃ አይፈቅድም። ይሄ አሠራር ፖስቲንግ ይባላል። የመጣው በ1990ዎቹ ከተፈጠሩ ሁለት ግርግሮች በኋላ ነው። በ1995 ሂዴዮ ኖሞ "ጡረታ ወጥቻለሁ" ብሎ በሕጉ ቀዳዳ ሾልኮ ዶጀርስ ገባ። በ1997 ደግሞ ሂዴኪ ኢራቡ "ከያንኪስ ውጪ የትም አልሄድም" ብሎ ሁለት ሊጎችን አተራመሰ። ከዚያ ተቀምጠው ሕግ አወጡ።

የመጀመሪያው ሕግ ጨረታ ነበር፣ ያውም በታሸገ ፖስታ። ማን ስንት እንዳቀረበ አታውቅም። ከሁሉ በላይ ያቀረበው ክለብ ለ30 ቀን ብቻውን ከተጫዋቹ ጋር ይደራደራል። የጨረታው ገንዘብ ለተጫዋቹ አይደርሰውም፤ ለጃፓኑ ክለብ ነው የሚሄደው። ካልተስማሙ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ልጁም ወደ አገሩ። እንዲህ ዓይነት ጨረታ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያቅትም። የሌላውን ዋጋ ሳታውቅ ስትጫረት ፍርሃትህን ነው የምትጫረተው።

አሁን ያለው ሕግ የተሻለ ነው። የጃፓኑ ክለብ የሚያገኘው ከውሉ በመቶኛ ተሰልቶ ነው። ከመጀመሪያው 25 ሚሊዮን 20 በመቶ፣ ከሚቀጥለው 25 ሚሊዮን 17.5 በመቶ፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ካለው ደግሞ 15 በመቶ። የያማሞቶን እንሥራው። ከመጀመሪያው 5 ሚሊዮን፣ ከሁለተኛው 4.375 ሚሊዮን፣ ከቀሪው 275 ሚሊዮን ደግሞ 41.25 ሚሊዮን። ድምር 50.625 ሚሊዮን ዶላር ለጃፓን ክለቡ ለኦሪክስ። ይሄ ከ325ቱ ውጪ ነው። ማለትም ዶጀርስ ልጁን ያገኘው በድምሩ ከ375 ሚሊዮን በላይ ከፍሎ ነው። ለክለቡ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ የቡድኑ ደመወዝ ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ በሚከፈለው ግብር ውስጥ አይቆጠርም። ሀብታሞቹ ክለቦች ይሄን ነገር የሚወዱት ለዚህም ጭምር ነው፣ አይገርምም።

አሁን ወደ 2006።

ዳይሱኬ ማትሱዛካ ጃፓን ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ተረት የሚወራለት ሰው ነው። በ1998 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚፋለሙበት የኮሺየን ውድድር፣ በሩብ ፍጻሜው 17 ኢኒንግ በፈጀ ጨዋታ ብቻውን 250 ኳስ ወረወረ። ይሄ እንግዲህ የ17 ዓመት ልጅ ነው። በፍጻሜው ደግሞ ተጋጣሚው አንድ ሂት እንኳ (ኳሱን መትቶ ቤዝ፣ ማለትም የሩጫ ማረፊያ፣ መድረስ) ሳያገኝ ጨረሰው። ስለዚህ ሴይቡ ላየንስ ለፖስቲንግ ሲያቀርበው አሜሪካ ውስጥ ያለው ወሬ ሌላ ነበር። "ጋይሮቦል" የሚባል ማንም አይቶት የማያውቅ ምሥጢራዊ ኳስ አለው ተባለ። ስለዚያች ኳስ የተጻፈው ጽሑፍ ኳሷ ከተወረወረችበት ጊዜ ሳይበልጥ አይቀርም።

ቦስተን ሬድ ሶክስ 51,111,111 ዶላር ከ11 ሳንቲም አቀረበ። አዎ፣ ሳንቲሙም አንድ አንድ ነው። ከዚያ ለተጫዋቹ ለስድስት ዓመት 52 ሚሊዮን። በድምሩ 103 ሚሊዮን ገደማ።

ታዲያ ከሰረ ወይስ አተረፈ? ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ2007 15 ጨዋታ አሸነፈ፣ 201 ስትራይክአውት አደረገ (መቺውን በሦስት ስትራይክ ማስወጣት ነው)፣ ቡድኑም የሜጀር ሊጉን ፍጻሜ፣ ወርልድ ሲሪስን፣ በላ። በ2008 18 አሸንፎ በ3 ብቻ ተሸነፈ፤ ኢአርኤው 2.90 ነበር። (ኢአርኤ ማለት ወርዋሪው በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደገባበት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከ3 በታች በጣም ጎበዝ፣ ከ5 በላይ ደግሞ ሥራ ፈልግ ማለት ነው።) ወረቀት ላይ ሲታይ ምርጥ ዓመት ነው። ጨዋታዎቹን ያየ ሰው ግን ትዕግሥቱ አልቋል። በዚያ ዓመት 94 መቺዎችን በነፃ ወደ ቤዝ አሳልፏል፣ በአሜሪካን ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ምድቦች አንዱ) ከማንም በላይ። ኳሱን መሀል ላይ መጣል አይፈልግም፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ነው የሚሞክረው። መቺው ይጠብቃል፣ ኳሱ ይወጣል፣ ሰው ቤዝ ይሞላል፣ ከዚያ እንደምንም ይወጣል። አምስተኛው ኢኒንግ ላይ መቶ ኳስ ደርሶ ይቀየራል። ከ2009 በኋላ ትከሻው፣ ቀጥሎ ክርኑ፣ በ2011 ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ቀዶ ሕክምና። በቃ።

እኔ ማትሱዛካን ኪሳራ አልለውም። ሻምፒዮን በሆነ ቡድን ውስጥ 204 ኢኒንግ የወረወረ ሰው ኪሳራ አይባልም። ግን ማስጠንቀቂያው እዚያ 18 ለ3 በሚለው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያሸነፈውን ብቻ የቆጠረ አላየውም።

አሁን የወሬው ጣፋጭ ክፍል ይመጣል። ኬይ ኢጋዋ።

ያንኪስ ማትሱዛካን ፈልጎ ነበር። ጨረታውን በቦስተን ተነጠቀ። በዋና ባላንጣው በቦስተን! ለያንኪስ ከዚህ የከፋ የለም። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሃንሺን ታይገርስ ኢጋዋን ለፖስቲንግ አቀረበ። ያንኪስ ያቀረበው ዋጋ 26,000,194 ዶላር ነው። 194ቷ ከየት መጣች ካላችሁ፣ ኢጋዋ በዚያ ዓመት ያደረገው የስትራይክአውት ብዛት ነው። እንግዲህ ቀልድ ቢጤ ናት። ከዚያ ለራሱ ለተጫዋቹ ለአምስት ዓመት 20 ሚሊዮን ፈረሙለት። በድምሩ 46 ሚሊዮን።

ኢጋዋ መጥፎ ወርዋሪ አልነበረም፣ ይሄ ይያዝልኝ። በ2003 በጃፓን 20 አሸንፎ በ5 ብቻ የተሸነፈ፣ የሊጉ ኮከብ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። ግን 2003 ነዋ! ጨረታው የተካሄደው በ2006 መጨረሻ ነው። ጣሪያ የነካበት ዓመት ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ፈጣን ኳሱ ለሜጀር ሊግ መካከለኛ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከፍ ብሎ የሚመታ ኳስ የሚያበዛ ግራኝ ነው። ጃፓን ውስጥ አጥር ሥር የምትያዘው ኳስ አሜሪካ ውስጥ ተመልካች መሀል ታርፋለች። ይሄን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ ማየት ይበቃል።

ውጤቱ፦ በአምስት ዓመት ውል ውስጥ በሜጀር ሊግ የተሰለፈው 16 ጨዋታ ብቻ ነው። 2 አሸነፈ፣ 4 ተሸነፈ፣ ኢአርኤ 6.66። ከ2008 በኋላ ዋናው ቡድን ውስጥ ዳግመኛ አልታየም። የቀረውን ጊዜ በታችኛው ሊግ፣ አብዛኛውን ስክራንተን ላይ፣ ደመወዙን እየበላ ጨረሰው። እኔ በእሱ አልፈርድም፣ ማን "በዛብኝ" ብሎ ይመልሳል?

ደግሞ የሚገርመው ምርጥ ቀኑ የመጣው በማን ላይ መሰላችሁ? በዚያው በቦስተን ላይ። ኤፕሪል 2007 ለያንኪስ ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ በመጀመሪያዋ ኳስ እግሩ ላይ ተመትቶ ወጣ። ኢጋዋ ሳይዘጋጅ ገብቶ ስድስት ኢኒንግ አንድም ነጥብ ሳይገባበት ወረወረ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያ ሁሉ ገንዘብ ትክክል መስሎ ታየ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ።

የያንኪስን ጥፋት ሰዎች "ጃፓን መግዛት አደገኛ ነው" ብለው ተረጎሙት። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ጥፋቱ ጃፓናዊ መግዛታቸው አይደለም። ጥፋቱ ማትሱዛካን ሲያጡ "እኛም አንድ ይኑረን" ማለታቸው ነው። በዚያው የጃፓን ገበያ ከአምስት ዓመት በኋላ ቴክሳስ ሬንጀርስ ለዩ ዳርቪሽ 51.7 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ጨረታውን ወሰደ፤ ለራሱ ለዳርቪሽም ለስድስት ዓመት እስከ 60 ሚሊዮን። ዳርቪሽ ጃፓን ውስጥ በአምስት ተከታታይ ዓመታት ኢአርኤው ከ2 በታች ነበር። ወጣት፣ ረጅም፣ የሚወረውራቸው የኳስ ዓይነቶች ለቁጥር የሚያታክቱ። በ2013 በሜጀር ሊግ 277 ስትራይክአውት አደረገ፤ በዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ምርጫም ሁለተኛ ወጣ። አንድ አገር፣ አንድ ገበያ፣ ሁለት ሰው።

ለነገሩ "የተፈተነ" የሚባለውስ? ቦስተን ማትሱዛካን በገዛበት በዚያው በ2006 መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ባሪ ዚቶን በ126 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት አስፈረመ። ዚቶ አሜሪካዊ ነው፣ ሳይ ያንግ የሚባለውን የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት የወሰደ፣ ሁሉም የሚያውቀው። ከጃይንትስ ጋር 63 አሸንፎ 80 ተሸነፈ፤ ኢአርኤ 4.62። በ2010 ቡድኑ ወርልድ ሲሪስ ሲበላ ከተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ እንኳ አልነበረም። (በ2012 ክሷል፣ ሐቁን እንናገር። ያኔ ቁልፍ ጨዋታዎችን አሸንፎላቸዋል።) ስቲቨን ስትራስበርግ ደግሞ በ2019 የወርልድ ሲሪስ ኮከብ ተብሎ ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር በ245 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ የጀመረው ጨዋታ ስንት ነው? ስምንት። ሐኪሞቹ ያውቁታል፣ ክለቡ ያውቀዋል፣ አገር ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ግን አልቻለም።

ወርዋሪ መግዛት ራሱ ቁማር ነው። ከየትም ይምጣ።

ይሄን ስል ግን ከጃፓን የሚመጣ ወርዋሪ የራሱ ጣጣ የለውም ማለቴ አይደለም። አለው። ኳሱ ራሱ ይለያል። የጃፓኑ ትንሽ ያንሳል፣ ጣት ላይም ይይዛል። የአሜሪካው ያንሸራትታል፤ ከጨዋታ በፊት በጭቃ እያሹ ነው የሚያለዝቡት፣ እንደዚያም ሆኖ ይሾልካል። ዕድሜ ልክህን በአንድ ዓይነት ኳስ ጣትህን አስለምደህ በሌላ ኳስ ፎርክቦል (መቺው ጋ ሲደርስ ወደ ታች የሚወድቅ አወራወር) ወርውር ሲሉህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ዕረፍት ነው። ጃፓን ውስጥ ጀማሪ ወርዋሪ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚጀምረው፣ በሳምንት አንዴ ይወረውራል። አሜሪካ ውስጥ በየአምስተኛው ቀን። ወቅቱም ይረዝማል፣ 143 ጨዋታ ሳይሆን 162። በረራው ደግሞ አለ፣ ከዳር እስከ ዳር።

ስለዚህ ገዢው ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቀን ጭምር መግዛት አለበት። የኒውዮርኩ ሜትስ ኮዳይ ሴንጋን በአምስት ዓመት 75 ሚሊዮን ሲያመጣ በ2023 አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ቀን እያሳረፈ ነው ያሰለፈው። 12 ለ7፣ ኢአርኤ 2.98፣ 202 ስትራይክአውት። ያማረ ነገር ነው። ግን አንድ ሰው ሲያርፍ ሌላ ሰው መወርወር አለበት፣ ስድስተኛ ጀማሪ ያስፈልጋል፣ እሱም ደመወዝ አለው። ይሄን ዋጋ ዜናው ላይ አታገኙትም። በ2024 ደግሞ ሴንጋ በጉዳት ምክንያት በመደበኛው ወቅት የተሰለፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። እንግዲህ ወርዋሪ ነው ብያለሁ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ከመምጣታቸው በፊት ክንዳቸው የወረወረው የኳስ ብዛት ነው። ማሳሂሮ ታናካ በ2013 ለራኩተን በመደበኛው ወቅት 24 አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ኢአርኤው 1.27። ቀልድ የሚመስል ቁጥር ነው። በጃፓን ሲሪስ፣ በሊጉ ፍጻሜ፣ ስድስተኛ ጨዋታ 160 ኳስ ወርውሮ ተሸነፈ፣ የዓመቱ ብቸኛ ሽንፈቱ። በማግስቱ፣ አዎ በማግስቱ፣ ሰባተኛውን ጨዋታ ለመዝጋት ተመልሶ ወጣና ቡድኑን ሻምፒዮን አደረገ። ያንኪስ ይሄን ሁሉ አይቶ ለሰባት ዓመት 155 ሚሊዮን ሰጠው። ገና በመጀመሪያው ዓመት በጁላይ ክርኑ ውስጥ ያለው ጅማት በከፊል ተቀደደ። ሁሉም ሰው "አለቀ" አለ። ሰውዬው ግን የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና ሳያደርግ ሰባቱንም ዓመት ወረወረ፤ 78 አሸንፎ በ46 ተሸነፈ። ያንኪስ የከፈለውን ያህል አግኝቷል ብዬ ነው የማምነው፣ በየጨዋታው ትንፋሹን ይዞ ቢሆንም።

ሁሉም ክለብ 155 ሚሊዮን የለውም፣ ይገባኛል። ግን ሌላ መንገድ አለ። ኬንታ ማኤዳ በ2016 ሲመጣ ምርመራው ላይ ክርኑ ችግር እንዳለው ታየ። ዶጀርስ አልሸሸም፣ ውሉን ገለበጠው። ለስምንት ዓመት የተረጋገጠው 25 ሚሊዮን ብቻ፤ የቀረው በወረወረ ቁጥር የሚታሰብ፣ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሊደርስ የሚችል ጉርሻ። ከወረወረ ያገኛል፣ ካልወረወረ ክለቡ አይጎዳም። ለማኤዳ ብዙም ደስ የሚል ውል አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር ጨክነውበታል። በ2020 ለሚኒሶታ ሲጫወት በአሜሪካን ሊግ የሳይ ያንግ ምርጫ ሁለተኛ ወጣ። ሂሳሺ ኢዋኩማም አለ። በ2010 ኦክላንድ ጨረታውን አሸንፎ በደመወዝ ሳይስማሙ ቀሩ። በ2012 ሲያትል በ1.5 ሚሊዮን ለአንድ ዓመት ወሰደው። በ2013 ኢአርኤው 2.66 ሆነ፣ በሳይ ያንግ ምርጫም ሦስተኛ። 1.5 ሚሊዮን! ኦክላንድ ደግሞ በ2023 ሺንታሮ ፉጂናሚን በ3.25 ሚሊዮን ሞከረ። በጣም ፈጣን ኳስ ነበረው፣ የት እንደሚያርፍ ግን እሱም አያውቅም። ኢአርኤው 8.57 ደርሶ ለባልቲሞር ተላለፈ። ምን አጡ? ምንም ማለት ይቻላል። ትንሽ ክለብ ቁማር ሲጫወት እንዲህ ነው።

ደግሞ ዛሬ ዕውር ጨረታ የለም፣ በዕውር መግዛትም የለም። የጃፓን ስታዲየሞች ኳሱ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር፣ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚታጠፍ የሚለካ መሣሪያ አላቸው። አንድ ፎርክቦል ሂዩስተን ውስጥ ምን ይሠራል ብለህ ለመገመት ያሸነፈውን ጨዋታ መቁጠር አያስፈልግህም። የ2023ቱ የአገሮች ውድድር፣ ወርልድ ቤዝቦል ክላሲክ፣ ደግሞ ነፃ ፈተና ነበር። ያማሞቶ፣ ሮኪ ሳሳኪ፣ ሾታ ኢማናጋ ሦስቱም ወረወሩ፣ ያውም በአሜሪካው ኳስ። ፍጻሜውን ማያሚ ላይ ለጃፓን የጀመረው ኢማናጋ ነበር፣ አሜሪካን 3 ለ2 አሸነፉ። ከአሥር ወር በኋላ ቺካጎ ከብስ ኢማናጋን በአራት ዓመት 53 ሚሊዮን አገኘው፣ በመጀመሪያ ዓመቱም 15 አሸንፎ በ3 ተሸነፈ፣ ኢአርኤ 2.91። ፈጣን ኳሱ ያን ያህል ፈጣን አይደለም፤ ግን መቺው ከጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ይመጣል። መሣሪያው ይሄን ቀድሞ ያያል። የኢጋዋ ዘመን ሰዎች ይሄ አልነበራቸውም፣ ትንሽ አዝንላቸዋለሁ።

የማይልስ ማይኮላስ ታሪክም ብዙ ይናገራል። አሜሪካዊ ነው፣ በሜጀር ሊግ ሞክሮ አልሆነለትም፣ ወደ ጃፓን ሄዶ ለዮሚዩሪ ሦስት ዓመት ወረወረ። ሴይንት ሉዊስ ካርዲናልስ በሁለት ዓመት 15.5 ሚሊዮን መልሶ አመጣው፤ በ2018 18 አሸንፎ በ4 ተሸነፈ። የጃፓን ሊግ ሰውን ይፈትናል። እዚያ ያየኸው ነገር ከንቱ አይደለም።

አሁን ወደ ያማሞቶ ልመለስ፣ ከሴኡሏ ኢኒንግ በኋላ ምን ሆነ? በ2024 ከጁን እስከ ሴፕቴምበር በትከሻ ጉዳት ተቀመጠ፤ የወረወረው 90 ኢኒንግ ብቻ ነው፣ ኢአርኤው ግን 3.00። በ2024 ወርልድ ሲሪስ ሁለተኛ ጨዋታ ያንኪስ ከስድስት ኢኒንግ በላይ ሞክሮ ከእሱ ላይ ያገኘው አንድ ሂት ብቻ ነው፣ የሁዋን ሶቶ ሆም ራን (ከአጥር ውጪ የመታት ኳስ)። በ2025 30 ጨዋታ ጀመረ፣ ኢአርኤ 2.49፣ 201 ስትራይክአውት። ከዚያ ዶጀርስ በወርልድ ሲሪስ ቶሮንቶን ገጠመ። በወርልድ ሲሪሱ ሁለተኛ ጨዋታ ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን ጨረሰ። በስድስተኛው 96 ኳስ ወርውሮ አሸነፈ። በማግስቱ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ፣ ጫፍ ላይ በደረሰ ሰዓት፣ እንደገና ገብቶ 34 ኳስ ወረወረ። አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ላይ 5 ለ4 አለቀ። ሦስት ድል በአንድ ወርልድ ሲሪስ፣ የሲሪሱ ኮከብም እሱ።

ታናካ በ2013 ያደረገውን ነው ያደረገው። አየሁትና ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ከ2025 ወቅት በኋላ ውሉ ላይ ገና አሥር ዓመት ቀርቶ ነበር። ቁመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከባድ ብረት ማንሳት ትቶ ጦር የመሰለ ነገር እየወረወረ ነው የሚለማመደው፣ ሰውነቱን ከማንም በተሻለ የሚጠብቅ ሰው ነው ይባላል። ይሁን እንጂ ከአሥሩ ዓመት ውስጥ አንድ ሁለቱን በሐኪም ቤት ቢያሳልፍ አይግረማችሁ። ዶጀርስ ይሄን ሳያውቅ አልፈረመም። ሁለት ዋንጫ አስገብቶ ሲያበቃ ማን ይቆጫል?

"ሀብታም ስለሆነ ነዋ" የሚለው ክርክር እውነት አለው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ሳሳኪን ተመልከቱ። ከ25 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ሲመጣ ሕጉ ትልቅ ውል አይፈቅድለትም፤ እያንዳንዱ ክለብ ከተመደበለት ትንሽ የጉርሻ በጀት ብቻ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ በ2022 በአንድ ጨዋታ 19 ስትራይክአውት አድርጎ አንድም ሰው ቤዝ ሳያስነካ የጨረሰውን ልጅ ሠላሳውም ክለብ በዋጋ ደረጃ መግዛት ይችል ነበር። በጃንዋሪ 2025 ዶጀርስ 6.5 ሚሊዮን ከፍሎ ወሰደው። እስከ መጨረሻው ከቀሩት አንዱ ቶሮንቶ ነበር። ቶሮንቶ ለሳሳኪ የሚሆን የጉርሻ በጀት ለማግኘት ሲል ከክሊቭላንድ ጋር ተዋዋለ፤ 2 ሚሊዮን የጉርሻ በጀት ተሰጠው፣ በምላሹ ማይልስ ስትሮው የሚባለውን የውጪ ሜዳ ተጫዋች ከነውሉ ተቀበለ። ሳሳኪ በዚያው ቀን "ዶጀርስ" አለ።

የሳሳኪ የመጀመሪያ መደበኛ ወቅት ያን ያህል አልነበረም፣ ስምንት ጨዋታ ጀምሮ ትከሻውን ታመመ፣ እስከዚያ ኢአርኤው 4.72። መጨረሻ ላይ ጨዋታ ዘጊ ሆኖ ተመልሶ ጠቀማቸው። ስትሮው ደግሞ ለቶሮንቶ እስከ ወርልድ ሲሪስ አብሮ ተጓዘ፣ ሜዳ ላይ ኳስ በመያዝ ጎበዝ ነው። እንደ ኢጋዋ ግን 46 ሚሊዮን አላስወጣም።